ከመርዶው የቀደመ ጉንጉን

የምሠራው ከለንደን ሰሜን ዳርቻ ባለ ትልቅ መካነ መቃብር ውስጥ ነው። ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ አትክልተኛ ነኝ ብዬ አላውቅም። የሚተክሉት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ድርሻ የደረቀውን ማንሣት ነው። በቀብር ማግሥት አፈሩ ላይ ተደርድሮ የሚገኘው የአበባ ጉንጉን ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ መሽተት ሲጀምር ጋሪዬን እየገፋሁ እመጣለሁ። ሪባኑን እፈታለሁ፤ ሽቦውን በፒንሳ እቆርጣለሁ፤ አበባው የተሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ ለብቻ፣ አበባውን ለብቻ እጥላለሁ። ሟቹ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ ከአበባው ሥር የሚገኘው ያው መዛግ የጀመረ ሽቦ ነው። ይህን በየቀኑ በማየቴ የተሻልኩ ሰው ሆኛለሁ አልልም። እጄን አሻክሮታል፤ ሌላ ያመጣልኝ ነገር የለም።

ከመቃብር ላይ ምንም አይወሰድም። ይህ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከመሆኑ በፊት የእኔ ደንብ ነበር። ልጄ ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዣት እሄድ ነበር፤ እሷን የምተውለት ሰው አልነበረኝም። እናቷ ሞታለች። ያን ጊዜ መርዶ ነጋሪ አላስፈለገኝም፤ እጇን ይዤ ነበርና። አንድ ቀን የልጄን ልብስ ሳጥብ ከኪሷ የፕላስቲክ ቢራቢሮ አገኘሁ። ከሕፃን መቃብር ላይ የተነቀለ ነው። በማግሥቱ በዝናብ ወስጄ በገዛ እጇ አስመለስኳት።

"ለሞተ ልጅ ምን ያደርግለታል?" አለችኝ እያለቀሰች።

"ለሌባስ ምን ያደርግለታል? እሱን ጠይቂ" አልኳት።

ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። በቢራቢሮ ያልተቆጡት ልጅ አድጎ በሌላ ነገር ያስለቅሳል።

ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን ከመጻሕፍት ለቃቅሜያለሁ። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡበት ሱቅ የቃላትን የትውልድ ሐረግ የሚናገር ወፍራም መዝገበ ቃላት ገዛሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሻይ አፍልቼ አንዳንድ ገጽ አነባለሁ። ሥራ ቦታ በቀን ስንት ጊዜ የምሰማው ቃል ሪዝ ነው። የአበባ ጉንጉን ማለት ነው። አጻጻፉን ባየሁ ቁጥር ግን ከፊቱ የማይነበብ ፊደል፣ ደብልዩ፣ ቆሞ አገኛለሁ። የማይነበብ ፊደል ምን ያደርጋል? መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤ መልሱ በአጭሩ ተጽፏል፣ ሆኖም በምልክትና በማላውቃቸው የጥንት ቋንቋዎች ስም የተሞላ ነበር።

የሚያስረዳኝ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከእሷ ጋር ከተነጋገርን ግን ዓመት ሊሞላ ነበር። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፋርማሲ እንድትማር ፈልጌ ነበር፤ እሷ ጀርመንኛና የጥንት እንግሊዝኛ ካልሆነ አለች።

"የሞተ ቋንቋ ተምረሽ ከማን ጋር ልታወሪ ነው?" አልኳት።

"ካንተ ጋር ነዋ አባዬ። የምትውለው ከሙታን ጋር አይደል?"

ቀልዱ አልጣመኝም። ተምራ ጨረሰች፤ ዋይት ሲቲ አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዘች፤ ስትሪትሃም ከጓደኞቿ ጋር ቤት ሼር አድርጋ ወጣች። ከወጣች በኋላ በስልክም በአካልም እየራቅን ሄድን። በመጨረሻ የደወልኩላት ለዕርቅ አልነበረም። ስለ ቃሉ ለመጠየቅ ነበር።

"ያ ፊደል ድሮ ይነበብ ነበር" አለችኝ፣ በየቀኑ እንደምንነጋገር ሁሉ። "እሑድ መጥቼ ላሳይህ?"

መጣች። መዝገበ ቃላቱን መካከላችን አስቀምጠን አነበብን። ቃሉ መጠምዘዝ ከሚል የጥንት ግሥ የወጣ ነው። የድሮ እንግሊዞች ሲናገሩት አበባ አልነበረበትም፤ የተጠመዘዘና የተጠቀለለ ነገር ሁሉ በዚያ ይጠራ ነበር፣ ቁስል የሚታሰርበት ጨርቅ ሳይቀር። አበባው የገባበት ኋላ ነው።

"ሰው በሥቃይ ሲጠማዘዝ የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው" አለች በጣቷ እያሳየችኝ። "ለከባድ ቁጣ ያላቸውም ቃል እንደዚሁ። ስዊድኖች ዛሬም መጠምዘዝን ቭሪዳ፣ የተቆጣን ሰው ቭሬድ ይላሉ። ሆላንዶች ጋ ሲደርስ ጨካኝ ማለት ሆኗል።"

"ጀርመኖችስ?"

"ለጉንጉኑ ሌላ ቃል ነው ያላቸው። ክራንትስ።"

"እሱስ ከምን መጣ?"

"ሹር አይደለሁም፤ ቼክ አደርጋለሁ።"

አላውቅም ማለቷ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኘኝ። "እንግዲህ ቁጣ የተጠማዘዘ ልብ ነው ማለት ነው" አልኩ።

"አንተ ደግሞ ሁሉንም ስብከት ታደርገዋለህ" ብላ ሣቀች። በዚያ ቤት ሣቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

በእኛም ቋንቋ ጉንጉን የሚለው ከመጎንጎን ነው፤ በውስጡ አበባ የለበትም። ለእኔ መጎንጎን ማለት የታላቅ እህቴ የእትዬ ጣቶች ናቸው። ወላጆቻችን ሲሞቱ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የሰፈሩን ሴቶች ሹሩባ እየሠራች። ስታወራም፣ ስትቆጣም፣ ስታለቅስም ጣቶቿ አያቆሙም ነበር። ተሰድጄ ከወጣሁ ወዲህ አላየኋትም። አገር ቤት ለመመለስ ስዘጋጅ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ መጣ፤ ከምርጫው በኋላ የሆነውን ስሰማ ሻንጣዬን መልሼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ እትዬ በስልክ ውስጥ ያለች ድምፅ ሆነች። ልጄም የምታውቃት በስልክ ነው። "ይቺ ልጅ አማርኛዋ እንደ ጥሬ ሥጋ ነው፣ ብዙ ያኝኩታል" ትለኝ ነበር እትዬ፤ እንዲያም ሆኖ ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ረዘም አድርጋ ታወራ ነበር።

እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለልጆች ፊደል አስተምር ነበር። ልጄ ስለ ቃሉ ከመጣች በኋላ እዚያም ትከተለኝ ጀመር። መጀመሪያ ቀን የማኅበራችንን ሊቀመንበር፣ ጠጉራቸው የሸበተውን ሽማግሌ፣ "እንዴት ነህ?" አለቻቸው። እሳቸውም "ደህና ነኝ፤ አንቺስ እንዴት ነሽ፣ አብሮ አደጌ?" ብለው አዳራሹን በሣቅ ሞሉት። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ ስም አወጣችላት፤ ፈረንጂቱ። ልጄ ከሣቁ ጋር ሣቀች። ግን ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ "አባዬ፣ ፈረንጆቹ ጋ ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ እዚህ ደግሞ ፈረንጂቱ። የት ነው የምቀመጠው?" አለችኝ። በየሳምንቱ ግን ቀረት ሳትል መጣች፤ ሳሕን አጠበች፣ ወንበር ተሸከመች፣ "እርስዎ" ማለት ተማረች። ቀስ በቀስ ያቺ ሴትዮ ሳትቀር "ነይ እስቲ ልጄ፣ ይህን ያዥልኝ" ማለት ጀመረች። ልጄ እንዲያ ስትባል ፊቷ ላይ የማየውን ነገር ዕቃ ገዝቼ አላመጣሁላትም፣ ላመጣላትም አልችልም ነበር።

ከዚያ እትዬ ሞተች።

እኔ አላወቅሁም። ደንባችን እንዲህ ነው። ሐዘንተኛው ሳይሰማ ሌላው ሁሉ ይሰማል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ብቻውን ሳይሆን በሰው ተከብቦ ይረዳል። ሐሰትን እጠላለሁ ባይ ብሆንም ይህን ሐሰት ጠልቼው አላውቅም። እኔም በስንት ሰው ደጃፍ በማለዳ ቆሜ "እንዲሁ ልንጠይቅህ መጣን" ብያለሁ። ሰው የሞተበት ወሬ ብቻውን ሊያገኘው አይገባም፤ አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው።

የእትዬ ልጅ ከአዲስ አበባ ለሊቀመንበሩ ደወለች፤ ለልጄም። ሽማግሌዎቹ ልጄን ጠርተው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንደሚመጡ ነገሯት። አርብ ማታ እኔ ዘንድ እንድታድር፣ ቤቱን እንድታዘጋጅ፣ አፏንም እንድትይዝ አዘዟት። ሴትዮዋም "እንግዲህ ልጅ አይደለሽም፤ ታምነሻል" አለቻት። በዚያ ሰሞን በርበሬ ልገዛ ብሄድ ከልኩ በላይ ጨምራ ሰፈረችልኝና ዓይኔን ሳታይ ወደ ጓዳ ገባች። ዕድሜ እያለሰለሳት ነው ብዬ ወጣሁ።

አርብ ከሥራ ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ በር ተንኳኳ። ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ትልቅ ካርቶን ይዞ ቆሟል።

"ጎረቤትህ የለችም" አለኝ። "ተቀብለህ ታስቀምጥላታለህ?"

ተቀበልኩ። ለንደን ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው የቀረ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ካርቶኑ ክዳን አልነበረውም፤ ከውስጡ የአበባ ጉንጉን ይታያል። ማን ሞቶባት ይሆን ብዬ ለአሮጊቷ ጎረቤቴ አዘንኩ። ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ እንደ ሥራዬ መረመርኩት። ስፖንጅ የለውም፣ የብረት ሽቦ ክብም የለውም። የአኻያ ቅርንጫፎች ተጠማዝዘው ክብ ሆነዋል፤ በላያቸው ሐረግና ነጭ አበባ በቀጭን ሽቦ ተጎንጉኗል። የሥራውን ደንብ የሚያውቅ ሰው ነው ያዘዘው አልኩ በልቤ። ሪባኑ ተገልብጦ ነበር። አቃናሁት። በወርቅማ የላቲን ፊደል አንድ ቃል ተጽፎበታል፦ እትዬ።

በለንደን ከተማ እትዬ የሚላት እህት ያለችው ሰው እኔ ብቻ ነኝ ማለቴ አይደለም። ግን ዐወቅሁ። የሴትዮዋ በርበሬ፣ ሊቀመንበሩ ደውለው "ቅዳሜ ቤት ነህ?" ያሉኝ፣ ልጄ በሥራ ቀን አድራለሁ ማለቷ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰካክቶ ፊቴ ቆመ። ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ጣቴ ከአኻያው ክብ ላይ እየዞረ፣ የቅርንጫፉን መነሻ ሲፈልግ አገኘሁት።

ልጄ በቁልፏ ከፍታ ስትገባ ጉንጉኑን ጠረጴዛ ላይ አየችው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

"ለጎረቤት ነበር የላክሁት" አለች። "እዚያ ተደብቆ እንዲያድር። ነገ ሰዎቹ ሲመጡ ላወጣው። አባዬ... ባዶ ክፍል ውስጥ እንዲነግሩህ አልፈለግሁም። መቃብሯ ሩቅ ነው፤ አንድ ነገር ይኑር ብዬ ነው።"

"መቼ ሞተች?"

"ሰኞ። በእንቅልፏ ነው አሉ።" አጠገቤ መጥታ ተንበረከከች። "ምን አደረግሁ? አንድ ነገር አምነው ቢሰጡኝ... ብቻህን ሰማህ። በኔ አበባ።"

ተቆጥቼ ነበር። ልደብቀው አልችልም። በጣም ተቆጥቼ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ስታለቅስ ትከሻዋ ሲጠማዘዝ አየሁና ቁጣዬን ዋጥኩት።

"አላየሁም" አልኳት።

"ምን?"

"ይህን ነገር አላየሁም። ነገ ሲመጡ ከእነሱ እሰማለሁ።"

"አንተ እኮ አትዋሽም።"

"ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ።"

ሪባኑን ፈትቼ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስገባሁት። ጉንጉኑን በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ጀርባ በአሮጌ አንሶላ ሸፈንኩት።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ደረጃው በእግር ኮቴ ተሞላ። በሩን ስከፍት ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ ቆመዋል። "ምነው በደህና?" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አስቀመጡኝ። ሊቀመንበሩ እጄን ይዘው እግዚአብሔር የሰጠውን እንደሚወስድ፣ ማንም እንደማይቀር ተናግረው፣ "እህትህ ዐርፋለች" አሉኝ። ሴቶቹ አለቀሱ። እንባዬ እንዲመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። አርብ ዕለት ጠረጴዛው አጠገብ የሆነ ቦታ ደርቆ ቀርቶ ነበር። እንደ ግንድ ተቀመጥኩ፤ እነሱም ደንግጦ ነው አሉ።

ክፍሉ በሰው ስለታፈነ ሴትዮዋ የበረንዳውን በር ከፈተች። ነፋሱ አንሶላውን ገልቦት ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች። ጉንጉኑን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። "ማን ነው የቀደመን? ማን ነው ሳንነግረው ያረዳው?"

ለቅሶው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ ልጄ ዞረ። ትሪ ይዛ በሩ ሥር ቆማ ነበር።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት" አልኩ። "ከሥራ።"

"ከሥራ?" ሴትዮዋ ጉንጉኑን ከራሷ አራቀችው። "ከሰው መቃብር ላይ?"

"ከመቃብር ላይ።"

ሊቀመንበሩ እጄን ለቀቁኝ። በኃይል አልነበረም፤ እንዲሁ ለቀቁት። ያን ቀን እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ የተቀመጡትም ስለ እህቴ የማለቅስ መሰላቸው።

ለቅሶ ቤቱ እስኪያበቃ ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሄደ። ደንቡን አላጓደሉብኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሊቀመንበሩ ደወሉ። "ሐዘንተኛ ነህ፤ ልጆቹን ለጊዜው ሌላ ሰው ያስተምራቸው" አሉኝ። ሐዘኑን ሳይሆን ጉንጉኑን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ የሙታንን አበባ የሚሰርቅ እጅ የልጆችን እጅ ይዞ ሀ ሁ አያስጽፍም። እሺ አልኩ። ልጄ ይህን ስትሰማ "እነግራቸዋለሁ" አለች። "ዝም በይ" አልኳት። እሷ በእነሱ ዘንድ ያገኘችው ወንበር ገና አዲስ ነው፤ የእኔ አሮጌ ነው፣ ቢወሰድም አልወድቅም። እንዲያ ነበር ያሰብኩት።

የአርባው ዕለት በአዳራሹ ተሰበሰብን። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ አበባ አኑሯል። ልጄ በጆግና በሳፋ እያዞረች እጅ ታስታጥባለች። ሴትዮዋ እጇን እየታጠበች አበባውን በአገጯ አመለከተችና፣ "ይሄኛውስ ከየትኛው ሟች ተወሰደ?" አለች። ዙሪያዋ የተቀመጡት ከንፈራቸውን ነክሰው ሣቁ። እኔም ሰማሁ። ወደ ሳሕኔ አቀረቀርኩ።

ልጄ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"የኔ ነበር" አለች። "ያኛው። አበባ ቤት ሄጄ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ተሳስቶ ለአባዬ ደረሰ። አርብ። ከእናንተ በፊት። አባዬ ከማንም አልወሰደም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ለአንድ ቢራቢሮ በዝናብ... አይወስድም እሱ። እኔ ነኝ ያረዳሁት።"

አማርኛዋ እየተሰበረ ነበር፤ ግን ያልገባው ሰው አልነበረም።

ሴትዮዋ ያልደረቀ እጇን እንደዘረጋች ቆየች። "እንግዲያው አባትሽ ዋሽቷል" አለች። "በእህቱ ለቅሶ ላይ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሊቀመንበሩ "እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እውነት ነው" አልኩ።

ምግቡ ተበላ። ልጄ ጆጉን አንሥታ ወደሚቀጥለው ረድፍ ስትሄድ ከሴቶቹ ሁለቱ እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ፤ የቀሩት ግን ታጠቡላት።

ሌብነቱ ተነሣልኝ፤ በምትኩ ሐሰተኛ ሆንኩ። ልጆቹን ወደማስተምርበት አልመለሱኝም። አልተከራከርኩም፤ እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እፈርድ ነበር። ልጄ አሁንም እሑድ እሑድ ትሄዳለች። ድስት ታጥባለች፣ ወንበር ትደረድራለች፤ ሴቶቹ ሲያወሩ ስትገባ ግን ወሬው ይቆማል። "ነይ እስቲ ልጄ" የሚላት የለም። ምስጢር የሚያምናት የለም።

የአርባው ዕለት አውቶቡስ ውስጥ፣ "ዝም በይ ብዬሽ ነበር" አልኳት።

"ዝም ማለት መቼ አስተማርከኝ?" አለች በመስኮቱ እያየች።

ቤት እንደገባን በረንዳው ላይ የቀረውን ጉንጉን አመጣሁ። አበባው ጠቁሯል፣ ሐረጉ ተኮማትሯል። ፒንሳዬን አውጥቼ ጋዜጣ አነጠፍኩና በሥራ ቦታ እንደማደርገው ቀጭኑን ሽቦ እየቆረጥኩ፣ ቅጠሉን ለብቻ፣ አበባውን ለብቻ ለየሁ። ልጄ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ ታየኛለች። በመጨረሻ ባዶው የአኻያ ክብ ቀረ። ጫፉን አግኝቼ ፈታሁት፤ እንጨቱ ግን ተጠማዝዞ እንዳለ ደርቋል፤ ብለቀውም ክብ ሆኖ ይቀመጣል። በሁለት እጄ ይዤ ቀጥ ላደርገው ስሞክር ተሰበረ።

ልጄ መጥረጊያ አመጣች።